የእማዬ መዳፍ በጋኑ ላይ

ይድረስ ለእህቴ ለኤቢሴ። የአሶሳ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ወባው ተመልሶ አልያዘሽም ወይ? ባለቤትሽ ኢፋ ከነተማሪዎቹ ደኅና ነው? ሁላችሁንም አካም ጅርቱ ብለናል። እኛ፣ እማዬም እኔም፣ ጊዜው እንደሚያስፈራው አይደለንም፤ ደኅና ነን።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ እንዳያስደነግጥሽ። ከቤታችን የሞተ የለም። የምነግርሽን በስልክ ብነግርሽ ግን ጎረቤት ይሰማዋል። ጌሾ የሚያመላልስልኝ ሾፌር ወደ እናንተ ስለሚሄድ በእሱ ልኬዋለሁ።

ባለፈው ስትጽፊልኝ እማዬ ስልክ ላይ የማታናግርሽ ሳትጠይቂያት አግብተሽ ስለራቅሽ ተቀይማ መሆኑን ነግረሽኛል። እኔም ጥቂት ጠርጥሬ ነበር። ስትደውዪ ስልኩን ትይዘዋለች፣ ያለ ቦታው ትስቃለች፣ እሺ እሺ ብላ ለእኔ ትመልስልኛለች። ከዚያ ምን አለች ብላ ትጠይቀኛለች። ወሬሽን ደግማ መስማት ስለምትወድ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ የገባኝ ጥር አምስት ቀን ነው፤ እንደ ልማዴ ደብተሬ ላይ አስፍሬዋለሁ። ጎረቤታችን የሺወርቅ ታኅሣሥ ላይ በመንገዱ ግርግር ልጇን አጥታለች። ለአርባው ተዝካር ጠላ በሁለት ጋን ጠነሰሰች። ጌሾውም ብቅሉም ከእኔ ሱቅ ነው። መቼም ታውቂያለሽ፣ በእኛ ሰፈር ያለ እማዬ ቃል ጥንስስ ላይ ቂጣ አይገባም። ጋኑን ተደግፋ ታዳምጣለች፤ ደርሷል ወይም አልደረሰም ትላለች፤ በቃ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ጋኖቹ የታጠኑበት የወይራ ጢስ ጓሮው ላይ ተንሳፍፎ ቀርቷል። ግርግሩን ያስነሣው የከተማ ማስፋፊያ ፕላን ቀረ የተባለበት ሰሞን ስለነበር ቀኑ ራሱ ከብዙ ድካም በኋላ ያሸለበ ይመስላል። እማዬ ዓይኗን ጨፍና፣ ጆሮዋን ጋኑ ላይ፣ ሁለት እጆቿን ሆዱ ላይ አድርጋ በሐሳብ ከእኛ ርቃ ሄዳለች። ድንገት ከጅማ መንገድ በኩል ተኩስ ተንጣጣ። ሁላችንም መሬት ላይ ተደፋን። እማዬ ንቅንቅ አላለችም። ቆይታ ዓይኗን ስትገልጥ አፈር ላይ ተዘርረን አገኘችን።

«ምን ሆናችሁ ትተኛላችሁ? ጥንስሱ ገና አንድ ሌሊት ይቀረዋል» አለች።

አብረውን የነበሩት ሴቶች ጀግንነቷን እስከ ሰበታ አወሩት። አንዷማ ከእንግዲህ ሲተኮስ ከእሷ ኋላ ነው የምደበቀው ብላ አሾፈች። እኔ ግን አልሳቅሁም። ቤት ስንገባ ከኋላዋ የድስት ክዳን ሲሚንቶው ላይ ጣልሁ። ዞር አላለችም።

ነጋዴ ነኝና ማስላት ጀመርሁ። የማትሰማ ሴት የፈረደችው ጥንስስ ከተበላሸ የሺወርቅ በልጇ አርባ፣ በሰው ፊት ልታፍር ነው። ተመልሼ ሄጄ ራሴ አዳመጥሁ። ጋኑ ውስጥ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ይንሿሿል። ክብሪት ጭሬ አፉ ላይ ብይዘው እሳቱ እልም አለ። በእኔ ግምት ጥንስሱ ደርሷል። ለየሺወርቅ ምክንያቱን ሳልነግራት፣ አንዱ ጋን ዛሬውኑ ቂጣው ይግባበት፣ ሁለተኛው እንደ እማዬ ቃል ይደር አልኋት። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል ብዬ ነው።

በአርባው ዕለት የእኔ ጋን ሲከፈት ሆምጣጤ ሆኖ ተገኘ። የእማዬው ኩልል ብሎ ጠርቶ፣ የጌሾው ምሬት ምላስ ላይ ትንሽ ቆይቶ የሚሄድ ነበር። እንግዳው ሁሉ ከእሱ ጠጣ፤ የሺወርቅም አላፈረችም። ደብተሬ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ጽፌያለሁ፤ ለእሷም ነግሬያታለሁ። የሰማንያ ቀኑን ተዝካር ጌሾና ብቅል እኔ እችላለሁ።

በማግስቱ እማዬ ፊት ተቀምጬ፣ አፌን እንድታይ ቀስ እያልሁ ጠየቅኋት። አልካደችም። ጆሮዋ ከጠፋ ሁለት ክረምት ሆኖታል። ሴቶቹ ካወቁ ማንም አይጠራኝም፣ ካልተጠራሁ ደግሞ በቁሜ እረሳለሁ አለችኝ። ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ራሳችን ጥንስስ ወሰደችኝና መዳፌን የጋኑ ሆድ ላይ ጫነችው። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆይቶ ግን፣ ኤቢሴ፣ የተኛች ላም ጎን ላይ እጅሽን ስታሳርፊ የሚሰማሽ ዓይነት ነገር መጣ፤ ሙቀት፣ ከሙቀቱ ሥር ደግሞ ቀጭን ንዝረት። ምን ያህል ጊዜ እንደቆምን አላውቅም። ገና ሲሆን ይሮጣል፣ ሲደርስ ይተነፍሳል አለችኝ። እኔ በጆሮዬ የሰማሁት ሩጫውን ነበር።

ለኤቢሴ ልጻፍላት ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«ለእሷ ብቻ ጻፊላት። ድምፅሽ ጠፍቶኝ እንጂ ተቀይሜሽ አይደለም በያት» አለችኝ።

ትናንት ባዶውን ጋን አጥበን ሬዲዮ ከፍተን ውስጡ አስቀመጥን። እማዬ መዳፏን ከውጭ አሳርፋ ጥቂት ቆየችና፣ ወንድ ነው፣ ይቸኩላል አለች። ዜና አንባቢው ነበር።

ስለዚህ ይህ ወረቀት በደረሰሽ በመጀመሪያው እሑድ፣ ኔትወርክ ካልተዘጋ፣ ከቅዳሴ በኋላ ደውዪ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጋኑ ውስጥ አኖረዋለሁ። ቃል አትምረጪ፤ ብቻ ረጅም አውሪ፣ አትቸኩዪ።

ለኢፋ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ለአማትሽ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በያቸው። የሺወርቅ በሐዘኗ መካከል ጠይቃሻለች። ትንሹን ልጅሽን ይገዙን ግንባሩን ሳሚልኝ፤ እሑድ ስታወሪ ቢያለቅስም አታባብዪው። እማዬ ገና አላየችውምና በእጇ ትወቀው።

እህትሽ ድንቅቱ
ዓለም ገና፣ ጥር 20 ቀን 2008 ዓ.ም.