ጨዋዋ ልጄ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቦንጋ

ልጄ ትዕግሥት አዲስ አበባ ታክማ ከተመለሰች ወዲህ ቤቱ ከጠያቂ አልተለየም። ዛሬ ደግሞ አማቴ ማር ይዘው ከማንኪራ መጡ። ድቡልቡል ያለ ጉንጯን በሁለት እጃቸው ያዝ አድርገው፣ "ተመስገን! እንዴት አምሮባታል፤ ይቺማ ድናለች" አሉ። ጉንጯን ያሳበጠው ኪኒኑ ነው። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ አንጎሏን ያቆሰለው ከበሽታ ሊጠብቃት የሚገባው የገዛ ሰውነቷ ነው። ኪኒኑ ቁስሉን አብርዶታል፤ ከአእምሮዋ የጠፋው ሁሉ ይመለስ አይመለስ ግን ሐኪሙም አያውቅም። ይህን ብነግራቸው አማቴ ተቆጡ። "አታሟርቺ!" አሉኝ።

ትንሽ ቆይታ ትዕግሥት ከአልጋዋ ቀና ብላ አየችኝ። ሊጠይቋት የሚመጡት ጎረቤቶች እንዲህ ሲጠሩኝ ሰምታ ነው መሰለኝ፣ "እትዬ፣ ውሃ ይሰጡኛል?" አለችኝ። አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ "እማዬ" ነበር የምትለኝ።

አማቴ በደስታ ሳቁ። "አየሽ፣ ደግሞ እንዴት ያለች ጨዋ ሆናለች!"

እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ብርጭቆውን እኔው ይዤ አጠጣኋት። ስትጨርስ፣ ሰው ቤት እንደመጣ እንግዳ አንገቷን ሰበር አድርጋ አመሰገነችኝ።

"ምንም አይደል" አልኳት።