ክር የሌለው ስፌት

ለልጆቼ እናት፤

በዚህ ቤት ለምንኖረውም ሆነ ከዚህ ቤት ወጥተው ለቀሩት ሁሉ፣ የሚከተለው ከባድ ጉዳይ በጥሞና ይሰማ! የኮሌጅ ተማሪው የልጅ ልጃችን በግራ ካልሲው ላይ የነበረው ቀዳዳ፣ ለረጅም ጊዜ ሲፎካከረው ከቆየው የቀኝ ካልሲ ቀዳዳ ጋር በትናንትናው ዕለት እኩል ሆኗል። ሁለት ልብስ ሰፊዎች ባሉበት ቤት፣ አንዷ ብትኮበልልም፣ እንዲህ ያለ ነገር መድረሱ የቤቱን ስም የሚያጎድፍ ስለሆነ ጉዳዩን የሚመረምር አንድ ሽማግሌ ተሰይሟል። ሽማግሌው እኔ ነኝ። ቆመሽ እያነበብሽ ከሆነ ተቀመጪ፤ ገና ብዙ አለ።

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ያ የልጃችን ቤት ደረጃ በቀን ስንት ጊዜ ያመላልስሻል? እሷስ ወገቧ ጠናላት? ጥርስ አላወጣም ብሎ ቤቱን ሁሉ ያስጨነቀው ትንሹ ጌታስ? በደብዳቤ ወግ እዚህ ላይ «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አልልም። ብልሽ ለጎረቤት ሁሉ እያነበብሽ ትኩራሪብኛለሽ። ደህና ነኝ፤ በቃ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ከላይ እስከ ታች ስለ ሕፃኑ ነው፤ ሳቀ፣ አስነጠሰው፣ ማንኪያ ወረወረ። መጨረሻው ጥግ ላይ ግን፣ ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል፣ በደቃቃ ፊደል «ልጅቷ ሥራ ልትመለስ ነው፤ በእግሩ እስኪሄድ አብረሽኝ ሁኚ ትለኛለች፤ አንተስ ምን ትላለህ?» ብለሻል። ይኸው ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን፣ ትልቁን ነገር በትንሹ ፊደል መጻፍ አልተውሽም። መልሱን ከታች ታገኚዋለሽ። ዘለሽ እንዳታዪ፤ አውቅሻለሁ። መጀመሪያ ሌላውን ጥያቄሽን ልመልስ፤ «ልጁ ይማራል ወይስ ይተኛል?» ብለሽ ነበር። ሁለቱንም፤ ያውም ባንድ ጊዜ።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ይህ የታላቁ ልጃችን ልጅ ያልተኛበት ቦታ ቢኖር የገዛ አልጋው ብቻ ነው። አውቶቡስ ላይ ይተኛል። ከኮሌጅ ሲመለስ መስኮቱን ተደግፎ ጭልጥ ይላል፤ ሰፈራችንን ያልፋል፣ መጨረሻው ፌርማታ ይደርሳል፣ አውቶቡሱ ዞሮ ሲመለስ ደግሞ ሰፈራችንን እንደገና ያልፋል። ባለፈው ቲኬት ቆራጩ መንገድ ላይ አግኝቶኝ «አባባ፣ የእርስዎ ልጅ እኮ እኛ ጋ አልጋ ይዟል፤ አንሶላ ይላኩለት» አለኝ። አሁን ሾፌሩ እኛ ጋ ሲደርስ ክላክሱን ሁለት ጊዜ ያስጮኸዋል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ባንድ ድምፅ «ፕሮፌሰር፣ ውረድ!» ይላል። እኔ መስኮት ላይ ሆኜ እሰማለሁ። ክብር ነው እንግዲህ፤ በዘራችን በክላክስ ከመኪና የወረደ ሰው አልነበረም።

ቤተ መጻሕፍት ውስጥም ይተኛል። አንድ ቀን የደብተሩ ሽቦ ከጆሮው እስከ አገጩ ታትሞበት ገባ፤ ቁርጥ ዚፕ። ና እስኪ ልክፈተውና የተማርከው ትምህርት ውስጥ ካለ ልየው አልኩት። «ተወው አባባ፣ አንዴ ከተከፈተ አይዘጋም፤ አንተ ደግሞ ዚፕ ላይ ደካማ ነህ» አለኝ። ይህን አፍ ከማን እንደወረሰ አልጠይቅሽም።

ጠዋት ጠዋት እንዲቀሰቅሰው ብሎ የስልኩን ደወል ሞልቶ ስልኩን ባዶ ባልዲ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ድምፁ እንዲጎላ ነው አሉ። ይጎላል። እኔ እነሳለሁ፣ ውሻው ይነሳል፣ ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ነርስ ትነሳለች። እሱ ብቻ አይነሳም። ነርሷ ይኸው ይህን ሰሞን አንድም ቀን ከሥራ አላረፈድኩም፣ ልጁን አመስግኑልኝ ብላ ብርቱካን ይዛልን መጣች። ብርቱካኑን እኔ በላሁት፤ ያነቃሁት ባይሆንም የነቃሁት እኔ ነኝ።

በምን ይዝናናል ላልሽው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ጓደኞቹ ይመጣሉ፤ አንደኛውን ረጅሙ፣ ሌላውን ጎርናናው እላቸዋለሁ። ሱሪያችንን አጥብብልን ብለው ነው የሚመጡት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሱሪ ውስጥ እንዲገባ ስሰፋ ኖርኩ፤ እነዚህ ሱሪው እግራቸው ውስጥ እንዲገባ ነው የሚፈልጉት። ስታወልቁት ማን ይረዳችኋል ብላቸው ረጅሙ «አናወልቀውማ!» አለኝ። ከዚያ ዳማ እንጫወታለን። ጠጠሩ ከቁልፍ ጣሳሽ የወጣ ነው፤ ጥቁሩ የካፖርት ቁልፍ የእኔ፣ ነጩ የሸሚዝ ቁልፍ የእነሱ። የእኛው ልጅ እኔ ተራዬን ሳስብ ያንቀላፋል። ሲያንቀላፋ እኔ አንድ ሁለት ቁልፍ ወደምወደው ቦታ ፈቀቅ አደርጋለሁ። ዓይኑን ሳይገልጥ «አባባ፣ መልስ» ይለኛል። ተኝቶም ያሸንፈኛል።

ሌላ ቀን ደግሞ ቁርስ ልሥራልህ ብሎ እንቁላል ጣደና ወንበሩ ላይ ሸለብ አደረገው። ውሃው አለቀ፣ ድስቱ ከሰለ፣ እንቁላሉ እንደ ጠመንጃ ጮኸ። እኔ ከመኝታ ቤት ሁለት እጄን ወደ ላይ አንስቼ ወጣሁ። አስኳሉ አሁንም ኮርኒሱ ላይ ነው፤ ስትመጪ፣ ማለቴ ከመጣሽ፣ አምፖል መስሎሽ እንዳታበሪው። የትኛው ድስት እንደሆነ አልነግርሽም።

አሁን ወደ ማታው ልምዱ ልምጣ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚያ ነው። ትዝ ይልሻል፣ ትንሽ ሳለ እናቱ ሥራ ስትውል እኛ ጋ ትተወው ነበር። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ ክምር ላይ ይተኛል፤ አንቺ ከላይ የስፌት መኪናዋን ትረግጪያለሽ። መኪናዋ ከቆመች ብድግ ይላል። እንግዲህ ያ ዓመሉ አገረሸበት። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ መኪናዋን የነካት አልነበረም። እኔ እንደ ልማዴ እለካለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ በእጄ እዘመዝማለሁ፤ የመኪናውን ሥራ ለዚያ ለጥግ ሱቁ ሰፊ እሰጠዋለሁ፣ እሱም ዶሮ ጭራ የሄደችበት አስመስሎ ይመልስልኛል። መኪናዋ መኝታ ቤታችን ውስጥ፣ አንቺ እንደተውሻት፣ ጨርቋን ለብሳ ቆማለች።

አንድ ምሽት ከእራት በኋላ ልጁ አልጋችን ላይ ጋደም አለና «አባባ፣ እስኪ ትንሽ ርገጣት፤ ቤቱ ጭር ሲል እንቅልፍ አይወስደኝም» አለኝ። ክሩን አወጣሁ፣ መርፌዋን ነቀልኩ፣ ጨርቅ ሳይኖር ባዶዋን መርገጥ ጀመርኩ። ቶሎ የሚተኛ መስሎኝ ነበር። ወዴት ወዴት! ሰውየው መራጭ ነው። «እንደሱ አይደለም፤ ጋሪ እኮ ነው የምትነዳው» ይባላል። እማማ ስትሰፋ መጀመሪያ ረጅም ትሄዳለች፤ ጥግ ስትደርስ ትቆማለች፤ ጨርቁን ታዞራለች፤ «እህህ» ትላለች፤ ከዚያ አጭር አጭር ትሄዳለች፤ እንደገና ረጅም። ለመሆኑ ጥግ ላይ ስትደርሺ እህህ እንደምትይ ታውቂ ኖሯል? ሰፊዋ አታውቀውም፤ አልጋ ላይ ተኝቶ የሚሰማት ነው የሚያውቀው። ቀስ በቀስ ተለመደ። አሁን ረጅሙም አጭሩም በቦታው ነው፤ እህህው ሳይቀር። ያኔ ይተኛል፤ እንደ ግንድ።

እግር ሲዝል ጊዜ ሌላ ዘዴ መጣ፤ ድምፅዋን ስልክ ላይ ቀዳናት። አልሆነም። ድምፁስ ድምፅ ነው፣ አልጋው ግን አይንቀጠቀጥም ተባለ። አንቺ ስትረግጪ የአልጋው እግር በትንሹ ይርገበገባል፤ ስልክ ይህን ከየት ያመጣል? እንደገና ወደ መርገጫው።

ጉድ ያፈላችው ግን ይህችው የተቀዳችው ናት። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ልጁ ዓይኑ ሳይገለጥ የራሱን ቦርሳ ትቶ የእኔን አንስቶ ወጣ። የእኔ ቦርሳ ውስጥ ያለው የዚያ የወፍራሙ ጠበቃ ሱሪ ነው፤ ጠበቃው ደግሞ ቀን ላይ ሊወስደው ይመጣል። ደብተሮቹን ተሸክሜ እያለከለክሁ ኮሌጁ ድረስ ሄድኩ። የክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። መምህሯ የሠራችሁትን አውጡ ስትል ሁሉም ወረቀት አወጣ፤ የእኛው ሱሪ አወጣ። ያውም ያን ሱሪ! ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሱ እንደ አፈረ ሱሪውን ጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ ራሱን ለአመል ያህል ደገፍ አደረገበት፣ እና የጠበቃው ሱሪ ላይ ተኛ።

እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ክርኑ ስልኩን ነካው መሰለኝ መኪናዋ ተነሳች። ረጅም፣ ረጅም። መምህሯ ሰሌዳውን ትታ ዞረችና የማን ሞተር ነው ብላ ጠየቀች። ከኋላ ጎርናናው «መምህር፣ ሞተር አይደለም፣ የአያቱ ቤት ነው» አላት። ይህን ጊዜ መኪናዋ ጥግ ደርሳ ቆመች፤ ከስልኩም «እህህ» የሚል ድምፅ ወጣ። ግማሹ ክፍል ከወንበር ወደቀ። መምህሯ አልሳቀችም። ልጁን ቀሰቀሰችውና ማታ ማታ ምን ስትሠራ ነው የምታመሸው አለችው። «እሰፋለሁ» አላት። ምን ትሰፋለህ አለችው። ትንሽ አሰበና «ምንም» አላት።

ሁሉም ሳቀ። እኔም በር ላይ ቆሜ ስቄ ነበር፤ ግማሽ ድረስ።

ትምህርቱ ሲያልቅ መምህሯ እኔ ወዳለሁበት መጣች። ገና ልጅ እግር ናት፤ አነጋገሯ ግን የበሰለ ነው። «አባቴ፣ ልጅዎ ሲነቃ የሚያህለው የለም። እኛ ግን የሚነቃበትን ቀን እየጠበቅን ነው። ፈተናው ደርሷል፤ እንዲህ ከቀጠለ ዓመቱን መድገሙ ነው። እባክዎ እቤት ያስተኙልኝ» አለችኝ። እሺ ልጄ፣ በሽበቴ ይሁንብኝ አልኳት። ሱሪውን ተቀብዬ ወጣሁ። ጠበቃው ሲመጣ የልጁ ጆሮ ጉልበቱ ላይ ታትሞ ነበር፤ አዲስ ፋሽን ነው አልኩት፣ ደስ ብሎት ሄደ።

እንግዲህ ወደ ደቃቃው ፊደልሽ። መልሴ ቆዪ ነው። ልጃችን ሕፃን ታቅፋ ሥራ መግባት አትችልም፤ «አብረሽኝ ሁኚ» ለማለት ስንት ቀን ከራሷ ጋር እንደተሟገተች ደግሞ አይጠፋኝም፣ ኩራቷን ካንቺ ነው የወሰደችው። ስለዚህ በእግሩ እስኪሄድ ቆዪ። ስለኛ አታስቢ፤ የኛው ልጅ ተኝቶም ይሄዳል። እኔ እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ ከደንበኛ ጋር እጣላለሁ፤ ጤነኛ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል?

ያን ደረጃ ለጉልበትሽ ያሳጥርልሽ። ሕፃኑ ግድግዳውን ለቆ ወዳንቺ ሲራመድ ለማየት ያብቃሽ። የልጃችንን ወገብ ያጽናልን፤ ለተማሪያችንም ከመጽሐፉ ጋር ዓይን ለዓይን የሚተያይበትን ቀን ያምጣለት። ሳሚያቸው፤ ትንሹን ሁለት ጊዜ።

የልጆችሽ አባት

ፖስታውን ሳላሽገው ዋልኩ። ልጁ አሁን አጠገቤ ነው። መጽሐፉን ዘርግቶ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተደፍቷል፤ በጠራራ ፀሐይ። የልብስ ጠመኔዬ ግንባሩ ላይ መስመር አስምሮበታል። ትናንት በል አንተ ፈተናህን አጥና፣ ተኛ፣ እኔን ተወኝ ስለው «አንተ ሳትተኛ እኔ ምን ብዬ እተኛለሁ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ይህ ደብዳቤ እጄ ላይ ከበደኝ።

ቆዪ ያልኩሽን አልሰርዘውም። ስትወስኚ ግን ሁሉን አውቀሽ ወስኚ። ክላክሱ እውነት ነው፤ ሱሪው እውነት ነው፤ ድስቱም ያው የፈራሽው ነው። አንድ ነገር ብቻ ከራሴ ፈጠርኩ፤ መኪናዋ ጋ ሰዎቹን አቀያይሬያቸዋለሁ። አልጋው ላይ የምጋደመው እኔ ነኝ። የሚረግጠው እሱ ነው፤ እህህ የሚለውም እሱ ነው።