የእማዬ ምስክርነት

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ኤርሳዶ፤ ሰላምታዬ ከሶዶ ተነሥቶ ካለህበት በደህና ይግባ። እኛ ደህና ነን፤ የሁምቦው በቆሎም አምሯል።

እማዬ ፈዋሽ የሚባል የታሸገ ሻይ መሸጥ ጀምራለች፤ ሰው ሰውን እያስገባ የሚያድግበት ንግድ ነው። አሠልጣኟ "የሚሳካለት የሚመሰክር ነው፤ ሻዩ እንዳዳነሽ ተናገሪ" አሏት። ቅዳሜ በተበላ ከተማ ገበያ "ከደም ግፊት ተገላገልኩ" ብላ ሁለት ሴቶች አስገባች። "ክኒንሽስ?" ስላት፣ "ክኒን እየዋጥኩ ሻዩ አዳነኝ ልበል እንዴ? እኔ በሐሰት አልመሰክርም!" ብላ ሳቀችብኝ። ክኒኑን ከፋሲካ ወዲህ አልነካችውም።

ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አጥር ይዛ ብዙ ቆመች፤ "ጫማዬ ነው" አለች።

እማዬ አንተን ትሰማለች። ለመስቀል እመጣለሁ ብለህ ነበር፤ ዘንድሮ መስቀል ራቀብኝ።

መንገድህን ያቅናልህ።

እህትህ አሳየሽ