የመድረኳ እናት፦ ወይዘሮ ኖየምዛር ጋልስትያን

ወይዘሮ ኖየምዛር ከአባታቸው ከአቶ ሃይካዝ ጋልስትያንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሳቴኒክ እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1934 በአርመን አገር በሌኒናካን ከተማ ተወለዱ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ የነበሩት አባታቸው በ1942 በከርች ጦር ግንባር ወድቀው ቀሩ። መርዶውን የያዘው «ጥቁር ወረቀት» ቤት ሲደርስ ወይዘሮ ሳቴኒክ አልጮኹም። ሁለት ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መቱ፤ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ፤ ከዚያ የት እንደሚያሳርፉት ጠፋቸው። የስምንት ዓመት ልጅ የነበሩት ኖየምዛር በሩ ሥር ቆመው ይህን አዩ።

በ1944 የሬቫን ወደሚገኘው የባሌት ትምህርት ቤት ገቡ። በ1953 ተመርቀው በኦፔራና ባሌት ቤቱ ተቀጠሩ። በአምስተኛው ዓመት ልምምድ ላይ ሳሉ የጉልበታቸው ጅማት ተበጠሰ፤ በጣት ጫፍ መቆም በዚያው አከተመ። ገና ሃያ አራት ዓመታቸው ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ ሌኒናካን ይመለስ ነበር። እሳቸው ግን እልኸኛ ስለነበሩ «እግሬ ባይሠራ እጄ አለ» አሉ። ማንም የማይፈልገው የአሮጊት ሚና ተሰጣቸው፤ የአንድ ተራራማ መንደር ታሪክ በሚያሳይ ባሌት ውስጥ ልጇን ጦርነት የሚበላባት እናት ሆኑ።

የእናታቸውን ሐዘን እንዳለ መድረክ ላይ አወጡት። ጉልበት መምታቱ፣ የእጁ መነሣት፣ ማረፊያ ማጣቱ ያው ነበር። በዚያች ሰዓት ኦርኬስትራው ጸጥ ይልና ኦቦ የሚሉት አንድ የእንጨት ዋሽንት ብቻ ይነፋል። ኦቦውን የሚነፉት አቶ ሜሩዣን ነበሩ። በ1960 ተጋብተው ቫሃግንንና ሹሻንን ወለዱ። ሃያ አምስት ዓመት ያህል ከየሬቫን እስከ ሞስኮ ሕዝብ አለቀሰላቸው፣ አጨበጨበላቸው። ገበያ ሲወጡ እንኳ ነጋዴው «እናታችን» እያለ ኮክ ይመርቅላቸው ነበር።

በ1984 ቫሃግን በሃያ ዓመቱ ከሶቪየት ጦር ጋር በዘመተበት አፍጋኒስታን ውስጥ ተገደለ። በታሸገ የብረት ሳጥን መጣ፤ እንዳይከፈትም ታዘዘ። ሴቶቹ ሳጥኑን ከበው ሲያነቡ ወይዘሮ ኖየምዛር እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ተቀመጡ። የባለቤታቸው እህት ወይዘሮ አራክስያ፣ የእኔ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ እናት፣ በለቀስተኛው ሁሉ ፊት «ለባዳ ስታለቅሺ ኖረሽ ለልጅሽ እንባሽ ነጠፈ? ወይስ እዚህ ቲኬት ስላልተቆረጠ ነው?» አሏቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልበ ደንዳና ተባሉ፤ ወሬው ከሰፈር ሰፈር ዞረ። እናቴም እስኪሞቱ ድረስ ዳግመኛ አላናገሯቸውም። ይህ ግፍ ነበር፤ ዛሬ በአደባባይ ግፍ ነበር እላለሁ።

ከአርባው በኋላ ሚናውን ተዉት። እሳቸውን የተካችው ወጣት ቤታቸው ድረስ መጥታ የእጁን ነገር እንዲያሳዩዋት ብትለምናቸው «እሱን እኔ አላስተምርሽም፤ እግዜርም አያስተምርሽ» ብለው እስከ በሩ ሸኟት። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ለሕፃናት አቋቋምና አረማመድ አስተማሩ። በ1988 ሌኒናካንን ያወደመው የምድር መንቀጥቀጥ የተወለዱበትን ቤት ሲያፈርሰው አላለቀሱም። በ1993፣ በዚያ መብራትም ማገዶም በጠፋበት ክረምት፣ አቶ ሜሩዣን ሲያርፉም በሰው ፊት እንባቸው አልታየም።

ምክንያቱን የነገሩኝ አምና ነው። እኔ አልጠየቅኋቸውም፤ ሻይ እየቀዱልኝ ሳለ «ያን ቀን እጄ ሊነሣ ነበር። ባነሣው ጭብጨባ የምሰማ መሰለኝ። የእናቴን ለቅሶ ለሰው ሁሉ ሸጬው ነበር፤ ለልጄ የሚሆን አላስቀረሁም» አሉኝ።

ወይዘሮ ኖየምዛር ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 19 ቀን 2011 በሰባ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ልጃቸውን ሹሻንን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና በእጃቸው ያደጉ ብዙ ተማሪዎችን ትተውልናል።

በእኛ ዘንድ የመድረክ ሰው አስከሬን ሲወጣ ይጨበጨባል። ወይዘሮ ኖየምዛር ይህ እንዲቀርላቸው ተናዝዘዋል። ስለዚህ ሳጥኑ ሲነሣ ሁላችሁም እጃችሁን አውርዳችሁ እንድትቆሙ ቤተሰቡ ይለምናል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ያብራ፤ ከቫሃግንም ጋር ያገናኛቸው። ለቅሶ የመጣለት ያልቅስ፤ ያልመጣለትን ግን ማንም አይታዘበው።