የአቶ ይፍሩ ምስክር

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ ወርቂቱ፤ ድሬዳዋ።

እንደምን ሰነበትሽ? ያ የጉልበትሽ ነገር ተሻለሽ? ሙቀቱስ? ጋሽ ተክለወልድና ልጆቹ ደኅና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብን።

አንድ ጉድ ልንገርሽ፣ ሳቂብኝ። ትናንት ኩልፎ መንገድ ላይ ሙዝ ከጫነ ጋሪ ጀርባ ተደብቄ ነበር፤ ይቺ ስሟ በየወሩ መጽሔት ላይ የሚወጣው እህትሽ! ጋሪው ሲሄድ ጎንበስ እንዳልኩ መንገድ ዳር ብቻዬን ቀረሁ። የተደበቅኩት ከጎረቤታችን ከአቶ ይፍሩ ነው። ባርኔጣቸውን አንስተው «ሄራን፣ የጠፋብሽ ነገር አለ እንዴ?» አሉኝ። የጫማ ክር እያሰርኩ ነው አልኳቸው። ያደረግኩት ነጠላ ጫማ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን የልማት ቢሮ ናይሮቢ ለሚደረግ ስብሰባ፣ አገራችን ከኬንያ ጋር ስላላት ግንኙነትና ስለ ጠረፍ ፖሊሲ ትንታኔ የሚጽፍ ልምድ ያለው ሰው በኮንትራት ሊቀጥር ማስታወቂያ ለጠፈ። አቶ ይፍሩ ኤምባሲ ውስጥ ሃያ ዓመት ይህንኑ ሲጽፉ ኖረው፣ ጡረታ ወጥተው፣ አሁን ሙዝ ያጠጣሉ። ከስንት ዓመት በኋላ ሙሉ ልብሳቸውን ከሳጥን አወጡ። ባለቤታቸው ሻሺቱ «ሰውዬው እንደገና ተወለደ» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የቢሮውን ኮሚቴ ደንብ ታውቂዋለሽ፤ ወረቀት ብቻ አይበቃም፣ አመልካቹን የሚያውቅ አንድ ምእመን ቀርቦ ይመሰክራል። እሳቸው እኔን ጠሩ።

ገባሁ። ሁሉም ደክሟቸው ፊታቸውን አጨፍግገዋል። ፈገግ ላሰኛቸው ብዬ የፍየሏን ነገር አነሣሁ። የወሰንተኛቸው ፍየል ሙዛቸውን ስትበላ፣ አቶ ይፍሩ «ለክቡርነትዎ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እያረጋገጥኩ» ብለው የተቃውሞ ማስታወሻ በሦስት ቅጂ ጽፈው ነበር። ሦስተኛው ለፍየሏ ሳይሆን አይቀርም አልኩ። ምን ልበልሽ፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ! ሰብሳቢው አቶ ኦይታ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ። እኔም ሞቅ አለኝና እዚያው ላይ ጨርሼ ወጣሁ።

ዋናውን ግን አልተናገርኩም። በዚያች ደብዳቤ የተነሣ ሁለት ዓመት የተኳረፉት የአቶ ይፍሩና የወሰንተኛቸው ቤቶች ተቀምጠው ተነጋገሩ፤ አጥሩንም አብረው አጠሩ። የመጽሔቱ አዘጋጅ ሁልጊዜ «ሰው የሳቀበት ላይ ቁረጪው» ይለኛል። ለጽሑፌ በጅቶኝ ይሆናል፤ የሰው ተስፋ ግን እንደዚያ አይቆረጥም ነበር።

ኮሚቴው አዲስ አበባ ያለ ሌላ ሰው መረጠ። አቶ ኦይታ «ሰውዬው ጨዋ ናቸው፤ ግን ናይሮቢ ላይ ቢሳቅብንስ?» አሉ ተባለ። በማግስቱ በሬ ተንኳኳ። አቶ ይፍሩ አንድ ዘለላ ሙዝ ተሸክመው ቆመዋል። «ባይሳካም ስለ መሰከርሽልኝ ነው» አሉኝ። እትዬ፣ ሙዙ እስኪጠቁር አልነካሁትም። ይኸው ወር ሙሉ እሸሻቸዋለሁ።

ትናንት ግን ከጋሪው ቀጥታ አቶ ኦይታ ዘንድ ሄጄ የቀረውን ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ፣ የአዲስ አበባው ሰው ገና አልፈረመም አሉ። ነገር ግን በሰው ፊት የተባለ በሰው ፊት ይስተካከላል፤ ሐሙስ ኮሚቴው ሲሰበሰብ አቶ ይፍሩም ይጠራሉ፣ እሳቸው እያሉ ሁሉንም ትናገሪያለሽ አሉኝ። በጽሑፍ ላቅርበው ብዬ ለመንኩ። «አይሆንም፣ ያበላሸው አፍሽ ነው» አሉ።

ከነገ ወዲያ ሐሙስ ነው። አቶ ይፍሩ እስከዛሬ የሚያመሰግኑኝ ባለማወቅ ነው። ሥራውን ቢያገኙ እንኳ በሬን ዳግመኛ የሚያንኳኩ አይመስለኝም። ቢሆንም እሄዳለሁ። የሆነውን ሁሉ፣ የሚያሳፍረኝንም ጭምር፣ ዓርብ ጠዋት ፖስታ ቤት አስገባልሻለሁ።

ለጋሽ ተክለወልድ የአክብሮት ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ኖላዊትን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ሰሊሆም ትምህርቱን ይበርታ። እማማ ለጨንቻ ሸማኔ ሰጥታ ያሠራችልሽ ኩታ አልቋል፣ ሰው ሲገኝ ይላካል ብላለች። ጸልዪልኝ።

እህትሽ ሄራን
አርባ ምንጭ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1989 ዓ.ም.