በአሴሮላ ጓሮ ውስጥ የመርከበኛ በሽታ

ረቡዕ፣ ሜይ 7
ሲዘንብ አረፈደ። ጓሮው አልተጠረገም። ከዛፉ የወደቀው ቀይ የአሴሮላ ፍሬ መሬቱን አቅልቶታል፤ ወፎቹ እንኳ ጠግበው ትተውታል። ቁርስ፣ ቡናና ብስኩት። ከሰዓት አደባባይ ወርጄ ዶሚኖ ተጫወትኩ። ከጓደኛዬ ከአዳውቶ ጋር ሆነን አሸነፍን። ስስቅ አፍጥጦ አየኝ። "ዤኒቫል፣ አፍህን ምን ነካው? ሰው ነክሰህ ነው እንዴ?" ሁሉም ሳቁ። በመሐረቤ ጠረግኩት... ደም። ብስኩቱ ቧጥጦኝ ይሆናል።

እሁድ፣ ሜይ 11
ልጄ ኔይዴ ከሬሲፊ ከተማ ደወለች። የእሁድ ጥያቄዋ ያው ነው።
"አባዬ፣ ምሳ ምን በላህ?"
"ቦሎቄ በዱባ፣ ሩዝ፣ ትንሽ ሥጋ።"
"ራስህ ሠርተህ?"
"ታዲያ ማን ይሠራልኛል?"
ሳቀች። ኮራችብኝ። ስልኩን ዘግቼ ብስኩቴን ቡናው ውስጥ ነከርኩ። ሌላ ምን ልበላት? እናትሽ ከሞተች ወዲህ ከቡና ማፍያው በቀር እሳት ላይ የተጣደ ነገር የለም ልበላት? ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ የነዳ ሰው ሩዝ መቀቀል አያውቅም ልበላት?

ማክሰኞ፣ ሜይ 20
እግሬ በልዟል። የትም አልመታሁት። ጉልበቴ ይከዳኛል። አፌ ይሸታል... ለራሴ ይሸተኛል። አደባባይ መውረድ ትቻለሁ። ጎረቤቴ ዙልሚራ፣ የኔይዴ ክርስትና እናት፣ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። "አንተ አበልጅ፣ ሾርባ ላቀብልህ?" "በልቻለሁ" አልኳት፣ አፌን በእጄ ሸፍኜ። ጠጥቶ ነው ብላ ይሆን? ትበል።

ሰኞ፣ ጁን 2
ጥርሴ ተነቃነቀ። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ዶክተር ታይናራ ገና ወጣት ናት፤ ድዴን አይታ አልተጸየፈችኝም።
"አመጋገብዎ እንዴት ነው?"
"ደህና ነው። ቦሎቄ፣ ጎመን፣ ፍራፍሬ..."
ሳላስበው ወጣ። አፌ ለምዶታል። እሷ ግን አምናኝ ጻፈችው፤ ፊቷም ጠቆረ። "እንግዲያው ደምዎን በደንብ መመርመር አለብን። ለውጤቱ ብቻዎን አይምጡ።"

ዓርብ፣ ጁን 6
ዙልሚራ ስለ ምርመራው ነግራት ኔይዴ ሥራዋን ጥላ መጣች። ከመድረሷ በፊት ገበያ ሄጄ ቦሎቄ፣ ሩዝ፣ ጎመን ገዝቼ መደርደሪያው ላይ ደረደርኩ። ዱባም ጭምር! እግሬ እየተንቀጠቀጠ ዱባ ተሸክሜ ገባሁ... ዶክተሯ የደም ካንሰር እንዳይሆን ፈርታለች። ኔይዴ ማጀት ገብታ ስታለቅስ እንዳልሰማት ቧንቧውን ከፈተችው። ሰማኋት። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች መጥተው እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ጸሎት መሰላቸው።

ማክሰኞ፣ ጁን 10
እንዴት እንደምጽፈው...
ዶክተሯ የደም ምርመራው ምንም ቁርጥ ያለ ነገር አላሳየም አለች። ቀጣዩ ሬሲፊ ሄዶ ከዳሌ አጥንት መቅኔ ማስወሰድ ነው። ኔይዴ እጄን ያዘችኝ። ሥራ ለቅቃ ከእኔ ጋር ልትኖር ወስናለች፤ እዚያው ነው የሰማሁት።
"እስቲ አንዴ ልድገመው" አለች ዶክተሯ። "ልጅዎ ከመምጣቷ በፊት ምን ይበሉ ነበር?"
ኔይዴ ቀደመችኝ። "ዶክተር፣ እሱስ ከእኔም ይሻላል። በየእሁዱ ይነግረኛል። ዱባ እንኳ አይቀረውም።"
"ውሸቴን ነው" አልኩ።
"ምኑ?"
"ዱባው። ቦሎቄው። ሁሉም። ብስኩትና ቡና ነው የምበላው... ሚስቴ ዶራሊሴ ከሞተች ጀምሮ።"
ኔይዴ እጄን ለቀቀችው።
ዶክተሯ ሱሪዬን አስጠቅልላ የእግሬን ጸጉር በማጉያ መነጽር አየች። እንደ ሽቦ ተጠማዟል። "ስከርቪ ይመስለኛል፤ የቫይታሚን ሲ እጥረት። ድሮ ወራት ሙሉ ባሕር ላይ የሚቆዩ መርከበኞችን ይገድል ነበር። መቅኔውን ለጊዜው እንተወው። ክኒኑን ዛሬውኑ ይጀምሩ።" ቀጥላም "ጓሮዎ ውስጥ አሴሮላ የለም?"
"አለ።"
ፈገግ ልትል ነበር፤ ኔይዴን አይታ ተወችው። "በቀን ጥቂት ፍሬ ይበቃዎት ነበር።"
አውቶቡስ ስንሳፈር ኔይዴ ወደ እኔ ዞረች። "የቀብር ልብስህን እያሰብኩ ነበርኮ፣ አባዬ። ምግብ መሥራት አልችልም ማለት ከዚህ ይከብዳል?"
በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። እውነቱን ከተናገርኩ... ከብዶኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጁን 14
ኔይዴ አሴሮላ በሳህን ለቅማ አመጣች። ይጎመዝዛል። ድዴን እንደ እሳት ለበለበኝ። በላሁት። ዶራሊሴ በየማለዳው ጨምቃ በብርጭቆ ትሰጠኝ ነበር። አንድም ቀን ዛፉ ሥር ሄጄ አልለቀምኩም። ከሷ እጅ ካልሆነ ብዬ ይሆን የተውኩት? ወይስ ስንፍና? ሐዘን ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር... ሁለቱም ነው።
ደሙ ቀንሷል። ዛሬ የደጃፉን ደረጃ ሳልቀመጥ ወጣሁ። ኔይዴ ምግብ መሥራት እያስተማረችኝ ነው። ቦሎቄ ለካ ማታ ይዘፈዘፋል! በዚህ ዕድሜዬ።

እሁድ፣ ጁን 22
ኔይዴ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ደረስኩ ብላ ስትደውል የበላሁትን ነገርኳት፤ ዛሬ እውነቴን ነበር። እሷም "ፎቶ አንስተህ ላክልኝ" አለችኝ። ላክሁላት። ይገባኛል።

ረቡዕ፣ ጁላይ 9
ድዴ ድኗል። ጥርሱ ግን አልተረፈም።
አዳውቶ ከአደባባይ ከጠፋ ሰነበተ። ሚስቱ የወለደች ሴት ልጃቸውን ልታርስ ሳን ፓውሎ ሄዳለች። ቤቱ ሄድኩ። ከስቷል።
"ምሳ ምን በላህ?"
"እኔ? ዶሮ በሩዝ። ምነው ቀደም ብለህ በመጣህ ኖሮ!"
ድስቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ አቧራ ለብሷል። ማቀዝቀዣውን ከፈትኩት። ውሃና አንድ ሽንኩርት። አዳውቶ ፊቱን አዞረብኝ። ያን አዟዟር አውቀዋለሁ።
ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። ዱባውን፣ ሴቶቹ እጃቸውን ጭነው ሲጸልዩልኝ፣ ኔይዴ እጄን ስትለቀው... መጀመሪያ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። ተነሥቶ በመንገዱ በኩል ያለውን መስኮት ዘጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
"ለአንድ ኩባያ ሩዝ ውሃው ስንት ነው?"
ተነሥቼ መስኮቱን መልሼ ከፈትኩት።
"ሁለት" አልኩት። ጎረቤት በሚሰማው ድምፅ።