ሰልፍ ስለሌለበት ሆስፒታልዎ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ዲማ
የአዲሱ የግል ሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ
ሮቤ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልብዎ ደህና እንደሆነ ተስፋ በማድረግ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ጁሀራ እባላለሁ፤ በሮቤ ገበያ አጠገብ ጨርቅ የምሸጥ ሴት ነኝ። ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ ለአክስቴ ለሰይዳ ያደረጋችሁላት መስተንግዶ በሁለታችን መካከል ተደብቆ እንዳይቀር ብዬ ነው።

አክስቴ ሲናና ላይ ስንዴ እያረሰች ያሳደገችኝ ሴት ናት። ልቧ ከደከመ ዓመታት አልፈዋል። በየወሩ ሰው ወደሚጋፋበት የመንግሥት ሆስፒታል እየወሰድኳት ግማሽ ቀን አግዳሚ ላይ እንጠብቅ ነበር። በቅርቡ ግን እግሯ አብጦ፣ ጋደም ስትል ትንፋሽ እያጠራት መጣች። የበዓል ገበያ ደርሶ ስለነበር ሱቄ ተዘግቶ መዋሉ አንገበገበኝ። በዚያው ጠዋት የእናንተ ማስታወቂያ በባጃጅ «ሰልፍ የለም! ግፊያ የለም!» እያለ በደጄ አለፈ። አክስቴ አልወደደችውም። «ኢንታላ ኮ» አለችኝ፤ ልጄ ስትለኝ ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው፤ «ሰው የማይሄድበት ገበያ ምን ይገኝበታል?» እኔ ግን ሳቅሁባትና ይዣት መጣሁ።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

1ኛ. ወለላችሁ እንደ መስተዋት ስለሚያበራ፣ ዘበኛችሁም ሳይቀር ከመቀመጫው ተነስቶ ስለተቀበለን አመሰግናለሁ። አክስቴ ገና ስሟ ሳይጻፍ አልጋ አገኘች።

2ኛ. ወጣቱ ሐኪማችሁ ትሑት ነው፤ ያናገራት እንደ እናቱ ነው። ሳሏን ሰምቶ «የሳንባ ምች ነው» አለ፤ ደክማለች ብሎም ግሉኮስ ሰቀለላት፤ ውሃ የሚያስወጣላትን ኪኒን ለጊዜው እንድታቆም አዘዘ። የቀድሞ ሐኪሟ «ይህን ኪኒን እንዳታቋርጪ» ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አፌን ግን አልከፈትኩም። አልጋ መያዟ በቃኝና ሱቄን ልከፍት ሄድኩ።

3ኛ. አመሻሽ ላይ ስመለስ አክስቴ አየር አጥሯት፣ የአልጋውን ብረት ጨብጣ ተቀምጣለች። ኦክስጅን ነበራችሁ፤ የሲሊንደሩን መክፈቻ የያዘው ባለሙያ ግን ስልኩን አያነሳም። እስካሁን ፈልጎት የሚያውቅ ታካሚ ስላልነበረ ነው ተባልኩ። ስለ ግልጽነታችሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

አራተኛውን ቁጥር መጻፍ አቃተኝ። ግሉኮሱ ከክንዷ ሳይነቀል አንስቼ ወደለመድነው የመንግሥት ሆስፒታል ግፊያ ወሰድኳት። ዶክተር ገዛኸኝ የሚባሉ ሐኪም ገና ከበሩ እግሯንና አንገቷን እንዳዩ «ቀና አድርጋችሁ አስቀምጧት! ልቧ ያለባትን ውሃ መግፋት አቅቶት፣ ይህን ውሃ ደግሞ ማን ሰቀለው?» ብለው በራሳቸው እጅ ነቀሉት። በኋላ የእናንተን ሐኪም ልሰድብ ብል አልፈቀዱልኝም። «ሰነፍ አይደለም፤ አላየም እንጂ» አሉኝ። «እኛ ልቡ የደከመ ሰው ስናክም ነው የምንውለው። እሱ በዓመት አንድ ቢያይ ነው። ዓይን የሚለምደው በማየት ነው።»

እዚያም ቢሆን ገነት አልነበረም፤ አልጋ ጠፍቶ ኮሪደር ላይ ፍራሽ ተነጠፈላት። ጥቂት ቀን ትንፋሿ ተመለሰላት፤ ሻይም ጠጣች። ከዚያ ኩላሊቷ ደከመ፤ ዓርብ ረፋድ ላይ ወደ አኼራ ሄደች። ከመሄዷ በፊት እጄን ይዛ «እንዳልንገላታ ብለሽ ነው፣ አውቃለሁ» አለችኝ። ለእሷ ብዬ አልነበረም፤ ለሱቄ ብዬ ነው። እውነቱን ግን አልነገርኳትም።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እርስዎን ለመክሰስ የሚበቃ ንጹሕ እጅ የለኝም። የለመድኩትን ሰልፍ ጥዬ ወደ እናንተ የመጣሁት ማንም ገፍቶኝ አይደለም። ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ናት፦ ልቡ የደከመ ሰው ሲመጣባችሁ አታስተኙት፤ በዕለቱ፣ በአምቡላንሳችሁ፣ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ወደሚበዛበት ላኩት። ያንን ትሑት ሐኪማችሁንም ጥቂት ወራት እዚያ አቁሙት፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ ይማራል።

ውድ ጊዜዎን በአንዲት ጨርቅ ሻጭ ወሬ ስላባከንኩ ይቅርታ፣ ስላነበቡኝም በአክስቴ ቋንቋ ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ እያልኩ፣ በየትኛውም ስግደቴ እርስዎንና ራሴን አብሬ የማስታውስ፣

ጁሀራ
ሮቤ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ከሆስፒታልዎ ወደ ስልኬ እንዲህ የሚል መልእክት ደረሰኝ፦ «ውድ ታካሚያችን ሰይዳ፣ ነገ ቀጠሮ አለዎት፤ እባክዎ ሰዓት ያክብሩ።» መምጣት ስለማትችል ስለ እሷ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እሷን ይቅርታ የምጠይቅበት ስልክ ግን የለኝም።